የመነጽር ሠሪው ቆብ

መነጽር ሠሪው ቆቡን እስከ ጆሮው ስቦ መዋል ከጀመረ ሰንብቷል። ሁለቱም ጆሮዎቹ ቀልተው አብጠዋል፤ ደህና የቀረው ለስላሳው የታችኛው ጫፋቸው ብቻ ነው። እሱ ግን ጥፋቱን በሙሉ በገዛ መነጽሩ ላይ ጣለው። ጆሮ ላይ የሚያርፉትን ዘንጎች ቢያጎብጥ፣ ቢያቃና፣ በጨርቅ ቢጠቀልል፣ እብጠቱ ወይ ፍንክች። ታዲያ “ሰውየው በሠራው መነጽር ጆሮው ቆሰለ” ከተባለ ማን ደጁን ይረግጣል? ሰው እፍረት ሲይዘው አያድርስ ነው። ለሚስቱም እንኳ ትንፍሽ አላለ።

ቀጥሎ ግራ ዓይኑ ደም መሰለ፤ ብዙም ሳይቆይ ቀኙ ተከተለ። ብርሃን ሲያይ ይወጋዋል። ጉድ እኮ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ዓለም አማረችበት! አምፖሉ የብርሃን ቀለበት አጠለቀ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መነጽሮች ውኃ ውስጥ እንዳሉ ይዋልላሉ። ደንበኞች ፊት ሳይኖራቸው ይገባሉ፣ ድምፃቸውን ትተውለት ይወጣሉ። እንዲህ በሰመመን ሲዋኝ ሰንብቶ፣ አንድ ቀን በር ላይ የቆመችውን የሚስቱን ፊት ፈልጎ አጣው። ያኔ ደነገጠ።

ሚስቱ እየጎተተች ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ጠብታ ተሰጠው፤ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ተመልሰው ሲሄዱ ሐኪሟ ሌላ የሚያመው እንዳለ ጠየቀችው። እጁ ሳያስበው ቆቡን ወደ ታች ሳበ።

“ሌላ የሚያመኝ ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!”

በምን እንደማለ ለራሱም የተሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱ ስትንሰቀሰቅ ሰማ፤ ፊቷን ግን አላየውም። በጣም ፈራ። ቆቡን አወለቀ።

ሐኪሟ ጆሮዎቹን ቀስ ብላ ዳሰሰች። የጆሮውና የዓይኑ ሕመም አንድ መሆኑን፣ ሰውነቱ በገዛ ራሱ ላይ ተነሥቶ ለጆሮና ለአፍንጫ ቅርጽ የሚሰጠውን ልም አጥንት እንደሚያጠቃ፣ ዓይንንም እንደማይምር፣ ከስንት አንድ ሰው የሚይዝ እንደሆነ አስረዳችው። መነጽሩ ምንም አላጠፋም። የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘችለት፤ ከዓይኑ የሄደው ሁሉ ይመለሳል ብላ ግን ቃል አልገባችም።

ከሳምንታት በኋላ ሚስቱ በር ላይ ቆመች። ከጭጋጉ መጀመሪያ ቅንድቧ ወጣ፣ ከዚያ አፍንጫዋ፣ በመጨረሻ ያ ተቆጪ አፏ። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጭጋጉ አልለቀቀም፤ እሷ ግን እዚያው አለች። መነጽር ሠሪው እንባው መጣ።

“እንዳንቺ ያለ ቆንጆ አይቼ ከሆነ ዓይኔን…”

ሮጣ አፉን በመዳፏ ያዘችው።

“በሌላ ማል” አለችው።