ሰባተኛው ሣጥን

«እንቁላሉን ሰብረሽ ስታበቂ ቅርፊቱን አስቀምጬልሃለሁ ትይኛለሽ?»

«የሰበርኩት ነገር የለም። ላስቲክ ነው የገፈፍኩት። እሱንም አልጣልኩትም፤ ይኸው አጣጥፌዋለሁ።»

እውነትም አጣጥፋዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት። ከሃያ ሦስት ሣጥኖች ላይ የገፈፈቻቸውን ስስ ላስቲኮች ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ፣ ደራርባ፣ በክር አስራ መስኮቱ ሥር አስቀምጣቸዋለች። የተለጠፈባቸው ወረቀት እንኳ አልተቀደደም። ታናሽ ወንድሟ ግን ያንን እስር ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

«እትዬ፣ ነገሩ አልገባሽም።» መደርደሪያው ፊት ወዲያና ወዲህ ይላል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በየሦስት እርምጃው መዞር አለበት። «እሽግ ነው የሚባለው። እሽግ! ከፋብሪካ እንደወጣ፣ የሰው እጅ ሳያርፍበት። አሁን ምን ሆነ? ተራ ካርቶን ሆነ።»

«ይሸታል ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል አላልኩህም? ላስቲክ ውስጥ የታፈነ ነገር ይበሰብሳል። ይህን እንኳ ለእኔ ማንም አያስተምረኝም።»

«ምንም አይሸትም።»

«የአንተን አፍንጫ ግራሶ ደፍኖት ነው።»

ወንድምየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ዕድሜው አርባ አንድ፣ ቁመናው ረጅምና ከሲታ፣ ጥፍሮቹ ሥር የማይለቅ ጥቁረት ያለበት። እህቱ ግን በሕፃንነቱ ጉንጩ ያበጠ ስለነበር እስከ ዛሬ ድንቡሼ ነው የምትለው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሥራ የለውም፤ እግሩ ግን ከነጋ አላረፈም። ስልኩን አወጣ፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ይላል።

«አራት ሰዓት ላይ ሰውየው ይመጣል። ምን ልለው ነው? እህቴ አየር ያግኙ ብላ አራቆተቻቸው ልበለው?»

«እውነቱ እሱ አይደል? ማነው ደግሞ ሰውየው?»

«ፋርማሲስቱ።»

«ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም! ሰብሳቢ ነው፤ እንደ እኔ።»

«እሱም ታሟል በለኛ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ስድስቱ ጥቁር ሣጥኖች ፊት ቆሞ ቁጥራቸውን አሁንም አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ላስቲኩ ሲገፈፍ ቁጥሩ አብሮ የተላጠ ይመስል። እነዚህ ሣጥኖች አስፈሪ ፊልሞች የያዙ ናቸው። አንድ ትንሽ አሳታሚ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በሰባት ክፍል አውጥቷቸው ነበር፤ ከእያንዳንዱ ስድስት መቶ ብቻ፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥራቸው በእጅ ተጽፎ። እሱ ስድስቱን ሲሰበስብ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶበታል። ምክንያቱም ሁሉንም በአንድ ቁጥር፣ በሰማንያ ስምንት ነው የፈለገው። ቁጥሩ ሰማንያ ስምንት የሆነው ሰባተኛው ሣጥን ፋርማሲስቱ እጅ ነው። ፋርማሲስቱም ከዚህ ቤት የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። ይለዋወጣሉ። ቃላቸው ይህ ነበር፤ አንድ ቅድመ ሁኔታም ነበረው፦ ሁለቱም ሣጥን እሽግ ይሁን።

«የትኛውን ነው የምትሰጠው?» አለች እህቱ።

«ባለ ጨርቁን።»

ወደ ላይ ቀና ብላ አየችው። ሽሮማ ጨርቅ የተለበጠው ሣጥን ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ፊልም አሮጌ ነው፤ ሠርጓ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ስለተጣለች ሙሽራ። እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ስድስት ዓመቱ እያለ ሰፈራቸው ካለው ቪዲዮ ቤት አብረው አይተውታል። ወይም እሷ አይታዋለች። እናታቸው ሥራ ስትውል ልጁን የምታስቀምጥበት ስለሌላት ይዛው ትገባና፣ የሚያስፈራው ጋ ሲደርስ በመዳፏ ዓይኑን ትሸፍነዋለች። ሰዉ ሁሉ ሲጮህ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» ይላታል። «ምንም። ድመት አይታ ደንግጣ ነው» ትለዋለች። የገመዱ ባልዲ ሲንቀጠቀጥ «ውሃ ጠምቷት ነው» ትለዋለች። ያ ሁሉ ጩኸት ስለ ድመትና ስለ ውሃ ጥም እንዳልነበረ ያወቀው አድጎ ነው።

ከሁለት ወር በፊት፣ ወደዚህ ቤት በመጣች በሳምንቷ፣ ሣጥኑን አይታ «ይሄ ያ አይደለም? ክፈተውና እንየዋ!» ብላው ነበር። ሳቀባት። «እትዬ፣ እሱ እኮ አይከፈትም» አላት።

አሁን ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ሲታጠፍ ይጮኻል። «ሁለት ወር ሙሉ ሶፋ ላይ ስተኛ እነሱ ክፍል ይዘው ይተኛሉ። ምንም አላልኩህም። አንድ ቀን እንኳ አንዱን ከፍተህ ስታይ ግን አላየሁህም።»

«ማን ነይ አለሽ ታዲያ?»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው። ሊመልሰው ፈልጎ ስልኩን እንደገና አየ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት።

«አንተ» አለች። ድምፅዋ አልተነሣም። «ደውለህ፣ ተከራይተሽ ያለሽበት ቤት ከተሸጠ የት ትሄጃለሽ፣ ነይ አልከኝ።» ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «የአክስታችን ልጅ ክፍሌ ባዶ ነው ብላኛለች። አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ፤ ቆዪ ካልከኝ እቆያለሁ። አንድ ቃል ነው።»

«እትዬ፣ እባክሽ አሁን አይደለም። ሰውየው ይምጣ፤ ይሂድ፤ ከዚያ እናወራለን።»

«እሺ» አለች።

ግማሹን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈው አያውቅም። ባለ ጨርቁን ሣጥን ላስቲኩን መልሶ ሊያለብሰው ሞከረ፤ አንዱ ጠርዝ ሲገባ ሌላው ይሸሻል። በፀጉር ማድረቂያ ላሙቀው ብሎ አሰበ፤ ፀጉር ማድረቂያ የለውም። ወደ መስኮት ሄደ፤ ተመለሰ። ምን እንደሚል በልቡ አዘጋጀ፤ ያዘጋጀውን ጠላው። እህቱ በወጥ ቤቱ በኩል ዕቃ ስታነሣ ስታስቀምጥ ይሰማዋል። ሰውየው ይሂድ እንጂ፣ ይቅርታ እላታለሁ አለ። ክፍሉንም አስለቅቃለሁ፤ መደርደሪያዎቹ ወደ ሳሎን ይወጣሉ። ሁሉም ነገር ከአራት ሰዓት በኋላ ቀላል ይመስል ነበር።

ፋርማሲስቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ በሩን አንኳኳ። አጭር፣ ደልዳላ፣ መነጽሩ በላብ የደበዘዘ ሰው ነው። ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ቦርሳ አቅፏል።

«ባለሊፍት ነኝ ትላለህ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «አምስት ፎቅ በእግሬ! አታፍርም?»

«የዚህ ሕንፃ ውል የሌላ ድርጅት ነው። ብነካው ይከሱኛል።»

«እነሱስ መቼ ይነኩታል?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው።»

«ሰላም ነዎት እትዬ» አለ ሰውየው እህቲቱን ሲያይ። «በዚህ ደረጃ እንዴት ይወርዳሉ?»

«ወርጄ አላውቅም» አለች። «ከተበላሸ ወዲህ ቤት ነኝ። ይግቡ።»

ፋርማሲስቱ ክፍሉ ውስጥ ሁለት እርምጃ እንደገባ ቆመ። መጀመሪያ መደርደሪያውን አየ፤ ቀጥሎ መስኮቱ ሥር ያለውን እስር፤ ቀጥሎ የሊፍት ጠጋኙን ፊት። ቦርሳውን ይበልጥ አቀፈው።

«ምን ተፈጠረ እዚህ?»

«እኔ ነኝ» አለች እህቲቱ ከበሩ ላይ። «እሱን አይቆጡት። ስለሸተተኝ ነው። ክዳናቸውን አልነካሁም፤ የሰው ዕቃ አልፈትሽም።»

«ሃያ ሦስቱንም?»

«ሃያ ሦስቱንም።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ሲቆጣ ትሑት የሚሆን ዓይነት ሰው ነው። «እንግዲህ» አለ፣ «ቃላችን እሽግ በእሽግ ነበር። ደረጃውን ለጤናዬ ወጣሁት እላለሁ።» ዞረ። በዚያው ግን ዓይኑ ባለ ጨርቁ ሣጥን ላይ አረፈ። አሥር ዓመት የፈለገው ሣጥን ነው፤ ውስጡን ደግሞ በፎቶ እንኳ አይቶት አያውቅም፤ ያላቸው ሰዎች ሁሉ አይከፍቱትምና። «መቼም ተገፍፏል» አለ። «አንዴ ውስጡን ብናይስ?»

ጠጋኙ ሳይመልስ ክዳኑን አነሣው።

ሽታው ቀድሞ ወጣ። ኮምጣጤ፣ በላዩም የሞቀ ጎማ። አራቱ ዲስኮች የተቀመጡበት ጥቁር ስፖንጅ ስፖንጅነቱ ቀርቶ እንደ ቀለጠ አስፋልት ሆኗል። አንዱን ዲስክ በጣቱ ሊያነሣ ሲሞክር ክር ክር እያለ ተከተለው።

 ፋርማሲስቱ ቦርሳውን ከደረቱ አወረደ። ፊቱ ነጣ።

«ያንተ ስድስቱ» አለ በዝግታ፣ «ማነው ያሳተማቸው?»

«ይኸው የባለ ጨርቁ አሳታሚ ነው። ያንተም ሰባተኛ የእሱ ነው።»

«ስፖንጅ አለው?»

«ሁሉም አላቸው።»

ሰውየው ሰባተኛውን ሣጥን አወጣ። ላስቲኩ ውስጥ ያብረቀርቃል፤ ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ሰማንያ ስምንት ተጽፏል። ጠጋኙ ይህን ቁጥር በሕልሙ አይቶታል። ፋርማሲስቱ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጫፉን ላስቲኩ ላይ አሳረፈ፤ አነሣው፤ እንደገና አሳረፈ። «ዓይኔን ልጨፍን?» አለ፤ ማንም አልሳቀም። ቀደደው። የዚህኛው ገና አልቀለጠም፤ ግን ሲነኩት እንደ ትኩስ ማስቲካ ይለጠፋል።

«ገና ነው! ይድናል!» ብሎ ጮኸ። «ሁሉንም አውርድ። አልኮል አለህ?»

«አልኮል ዲስኩ ላይ የታተመውን ሥዕል ያነሣዋል» አለች እህቲቱ። «መጀመሪያ የምግብ ዘይት በጥጥ፤ ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና። ፕላስተር የተጣበቀበት አንሶላ ሲመጣልን እንደዚያ ነበር የምናደርገው።»

ፋርማሲስቱ ቀና ብሎ አያት። «ልክ ናቸው» አለ ለጠጋኙ።

ዘይቱንም፣ ሳህኑንም፣ ጥጡንም ያመጣችው እሷ ናት። ወንዶቹ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ መሐላቸው ጋዜጣ ዘርግተው፣ ክዳን በክዳን ይከፍታሉ። «ይሄ ደህና ነው… ይሄ አልቆለታል… ቆይ፣ አትሳበው፣ አሽከርክረው!» ጠጋኙ እጁ የሊፍት ሽቦ ሲፈታ እንደሚሆነው ተረጋግቷል፤ ውስጡ ግን ይሯሯጣል። ልክ ነበረች፤ አለ በልቡ። አንድ ወር ቀድሞ ቢሰማት ኖሮ ባለ ጨርቁ ይተርፍ ነበር። እነግራታለሁ። ይቺን ዲስክ ላውጣና እነግራታለሁ። ይቺ ወጣች፤ ቀጣይዋ ይበልጥ ተጎድታ ነበር።

«እትዬ፣ ጥጥ» አለ ሳይዞር።

ጥጡ ጉልበቱ አጠገብ ተቀመጠ።

አምስት ሰዓት አለፈ። ከባለ ጨርቁ ሣጥን ሦስቱ ዲስኮች አልዳኑም። አራተኛው ግን ዘይቱን ጠጥቶ፣ ታጥቦ፣ ሲደርቅ ጭረት ብቻ ቀረው።

«እንሞክረው» አለ ፋርማሲስቱ።

ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፤ ከሶፋው ፊት። ሁለቱ እየተሽቀዳደሙ ወጥተው ዲስኩን አጎረሱትና ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን አስግገው፣ ፊታቸው ከስክሪኑ በአንድ ክንድ ርቀት። ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱና ትራሱ ተጣጥፈው ተደራርበዋል። አላዩአቸውም። ሥዕሉ መጣ፤ ተሰነጣጠቀ፤ ቆመ፤ ሄደ።

«ይሄዳል! ይሄዳል!»

«ዝም በል፣ እዚህ ጋ ነው ጭረቱ።»

እህቲቱ ካፖርቷን ለብሳ ከኋላቸው ቆማለች፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። ስክሪኑ ላይ ጨረቃ የወጣችበት ግቢ ይታያል፤ ጉድጓዱ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ባልዲ። እንደዚህ ግራጫ መሆኑን ረስታው ነበር። ገመዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሟ ወደፊት ተሳበ፤ ማጅራቱ ከኋላ ሲታይ አሁንም የልጅ ማጅራት ነው። ቀኝ እጇ ከጎኗ ትንሽ ተነሣ። ከዚያ ወርዶ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘ።

ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጣቶች ሲወጡ ሙሽራዋ ጮኸች፤ ጩኸቱ የበሩን ድምፅ ዋጠው። ደረጃው ላይ እህቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለቱን እግሯን እያገናኘች ወረደች።

ፋርማሲስቱ ዲስኩን አውጥቶ ወደ ብርሃን አነሣው።

«ከጭረቱ በኋላ አንድም ቦታ አልዘለለም» አለ። «ቀጣዩን አምጣ።»