ቀይ ሪባን የታሰረበት ዋንዛ

ኤልቤቴል እልኸኛ ናት። እልኸኛ ባትሆንማ ዲላ ላይ የጀመረችውን የዕፅዋት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ እንደ ጓደኞቿ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላ ትጨርሰው ነበር። እሷ ግን ስድስት ወር ሙሉ ይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው በኢዲዶ በገበሬዎች ጓሮ ወደ ላይ እንዳንጋጠጠች ከረመች። የምትፈልገው ኦርኪድ ነው፤ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ከዛፉ ግን ጠብታ የማይመጥ፣ ሰው ሁሉ "ተቀጽላ ነው" ብሎ የሚያልፈው።

በመጨረሻ ከገበሬዎቹ በአንዷ፣ በእማማ ብዙነሽ ጓሮ፣ ቡናውን ከሚያጠላው ትልቅ ዋንዛ ላይ አገኘችው። አንድ ብቻ። ቅጠሉ ከሚታወቀው ዘመዱ አይለይም። ሦስቱ እምቡጦቹ ግን ከኋላቸው እንደ አይጥ ጭራ የቀጠነ ቱቦ አንጠልጥለዋል፤ ቱቦው ከዘመዱ እጥፍ ይረዝማል።

አማካሪዋ ዶክተር ሱፍያን ፎቶውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እምቡጥ አይበቃም። አበባው ተከፍቶ፣ ከንፈሩ ተለክቶ፣ ውስጡ ያለው የአበባ ብናኝ ጥቅል ተቆጥሮ፣ ናሙናው አልኮል ውስጥ ገብቶ ካልመጣ አዲስ ዝርያ ነው ብትዪ የሚሰማሽ የለም። ሰኔ ላይ መመረቂያ ጽሑፍሽን ታቀርቢያለሽ። ነገሩ ካላማረሽ ከአሁኑ ርዕስ ቀይሪ።"

"አልቀይርም፣ ዶክተር" አለች። በቃ፣ ይኸው ነው መልሷ።

ዛፉ እንዳይጠፋት ግንዱ ላይ ቀይ ሪባን አሰረች፤ ብልህ ነኝ ብላ። አንድ ሰው ብትጠይቅ ምን ነበረበት? በዚያ ሰፈር ጣውላ ነጋዴ የገዛውን ዛፍ ለሰንጣቂዎቹ የሚያሳየው ቀይ ጨርቅ አስሮ ነው። እማማ ብዙነሽ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጓሯቸው ቦይ ዳር ያለውን ሌላ አሮጌ ዋንዛ ለነጋዴ ሸጠው ነበር።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ስትመለስ ከሞተር ሳይክሉ ሳትወርድ ነገሩ ገባት። ቡናው ላይ ጥላ የለም። ትልቁ ዋንዛ ተጋድሟል፤ ሥሩ የነበሩት ቡናዎች ተጨፍልቀዋል። እማማ ብዙነሽ ከይርጋጨፌ ገበያ ገና መግባታቸው ነው። የሰንጣቂዎቹን አለቃ ቶሌራን እጁን ይዘው፣ "ያልሸጥኩልህን ዛፍ ሰረቅከኝ፣ ሽማግሌ ፊት ትቆማለህ" ይሉታል። እሱም "ቀይ ያለበትን ቁረጥ ተባልኩ፣ ሁለቱም ላይ ቀይ አለ" ብሎ ይምላል።

ሁለተኛው ቀይ የኤልቤቴል ሪባን ነው። ዝም ብትል ማንም አይጠረጥራትም። ብትናገር ደግሞ ከጓሮው ትባረራለች፤ ኦርኪዱም ቅርንጫፎቹ መሃል ደርቆ ይቀራል። የስድስት ወር ልፋቷ በዓይኗ ላይ ዞረ። ቶሌራን አየችው፤ ሰውየው ላብ አጥምቆታል።

"እማማ፣ ሪባኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አለች።

እማማ ብዙነሽ የቶሌራን እጅ ለቀቁ። አልተሳደቡም፤ ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

"አማቴ የተከለው ዛፍ ነው" አሉ። ቀጥለውም፣ "እዚህ ዛፍ የጣለ ሰው ይተክላል። እስኪጸድቅ ውሃውን አንቺ ታጠጫለሽ። አሁን ያንን ነገርሽን ፈልጊ፣ ቆመሽ ከምታዪኝ።"

በጉልበቷ እየዳኸች ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ፈለገች። ፊቷ ተቧጨረ፣ ቀሚሷ ተቀደደ። ሲመሻሽ ቶሌራ ራሱ ጠራት፤ ኦርኪዱ ከነቅርፊቱ ተገንጥሎ ወድቋል። ሁለት እምቡጥ ተሰብሯል፣ አንድ ተርፏል። ቅርፊቱን አጠገቡ በቆመ የብርብራ ዛፍ ላይ ልታስረው ከቦርሳዋ ሪባን ስታወጣ እማማ ብዙነሽ ከእጇ ቀሙና የእንሰት ቃጫ ሰጧት።

"ቀይ ነገር ጓሮዬ ውስጥ እንዳላይ" አሉ።

በማግሥቱ ጉቶው አጠገብ የዋንዛ ችግኝ ተከለች። ዝናቡ ግን ዘግይቶ ነበር። ኤልቤቴል በየሦስት ቀኑ ከዲላ በሚኒባስ፣ ከይርጋጨፌ በሞተር እየመጣች ግማሹን ጄሪካን ለዋንዛው ችግኝ፣ ግማሹን ለኦርኪዱ ታጠጣለች። በመሃሉ ደግሞ እማማ ብዙነሽ ሳይነግሯት የኦርኪዱን ሥር በማለዳ ያረጥቡት ነበር፤ እንዳትኮራ ብለው ነው መሰል።

ዶክተር ሱፍያን ሁለት ጊዜ ደወሉ። ሁለቱንም ጊዜ "ይፈካል" አለቻቸው። እርግጠኛ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነበር። ግን ከፍርሃቷ እልኋ ይበልጥ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ፈካ። ነጭ፣ ከኋላው ጭራውን የለቀቀ። ማስመሪያ አስጠጋች፤ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል። የዘመዱ አምስት አይሞላም። በማጉያው ሁለቱን ቢጫ ጥቅሎች ቆጠረች፣ የከንፈሩን ቅርጽ ሳለች። ከዚያ መቀሷን አወጣች።

"ይሄን ሁሉ ጠብቀን ልትቆርጪው?" አሉ እማማ ብዙነሽ።

"አበባውን ብቻ ነው፣ እማማ። ተክሉ ይኖራል። አበባው ካልተቀመጠ ስም አይሰጠውም፤ ስም ካልተሰጠው ደግሞ ነገ ዛፉ ቢወድቅ ማንም አይፈልገውም።"

"መጀመሪያ የምትጽፊበትን ወረቀት አንብቢልኝ።"

የናሙናውን መለያ ወረቀት አነበበችላቸው። "ቦታ፣ ኢዲዶ። የተገኘበት ዛፍ፣ ዋንዛ።"

"የቱ ዋንዛ? የታለ?"

እማማ ብዙነሽ በአገጫቸው ጉቶውን አሳዩ። ኤልቤቴል ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ መስመር ጨመረችና ድምፅዋን ሳትቀንስ አነበበችው። "የብዙነሽ ቤተሰብ የተከለው ትልቅ ዋንዛ። በናሙና ሰብሳቢዋ ስህተት ተቆርጧል።"

ዶክተር ሱፍያን ኋላ ይህን መስመር አይተው፣ "እንዲህ ያለ ነገር መለያ ላይ አይጻፍም፣ አውጪው" ይሏታል። አታወጣውም።

እማማ ብዙነሽ የአበባውን አገዳ በሁለት ጣት ደገፉ።

"በይ አሁን ቁረጪ" አሉ።

ቆረጠች። አበባውን አልኮሉ ውስጥ አስገብታ ብልቃጡን ከደነችና ጄሪካኗን አነሳች፤ የችግኙ ውሃ ቀን ነበር።