የባለ ሉካንዳው መድኃኒት

የእህቴ ባል ባለ ሉካንዳ ነው። ወይፈን ለብቻው የሚጥለው ሰውዬ ልቡ ደክሞ እግሩ እንደ ሊጥ ሲያብጥ፣ ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን ሽንት ቤት ደፋው። ያተረፈችው እህቴ ናት። በጓሮዋ ረዥም፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ደወል የመሰለ አበባ ለሽያጭ ታበቅላለች። ከእናታችን እንደተማረችው ቅጠሉን በጥቂቱ እያፈላች አጠጣችው፤ እብጠቱ ጎደለ። እናታችን ታዲያ፣ "ይሄ ቅጠል የደከመውን ልብ ያነሳል፣ ጤነኛውን ይጥላል" ትለን ነበር።

አንድ ደንበኛው አበባው መርዝ መሆኑን ነገረው። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ለሰውዬው ሃይማኖቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ግማሹን ሳትጠጣ እሱ አይነካም። ጸጉሯን በእጁ ጠቅልሎ "ቅመሺ!" ይላታል፤ ትጠጣለች።

እኔ ይህን አልሰማሁም ነበር። ነርስ ነኝ፤ ቤቷ የምሄደው እሱ በሌለበት ነው፣ ዓይኑን ማየት አልወድም። አንድ ጠዋት ስገባ ባልዲ ላይ ተደፍታ ታስመልሳለች።

"እትዬ፣ ፊትሽ ዙሪያው ቢጫ ነው" አለችኝ፤ ቢጫ የሆነው ግን የእሷ እይታ ነበር።

የእጇን ደም ሥር ያዝኩ። አንዱ ምት አልፎ ሌላውን ስጠብቅ የራሴ ልብ ቀጥ ሊል ደረሰ።

"ምን ጠጣሽ?"

ነገረችኝ።

"ታዲያ ለምን ታፈዪለታለሽ?"

"ካልጠጣ ይሞታላ።"

"ድብን ይበላ!" አልኩና ድስቱን አንስቼ በመስኮት ደፋሁት።

ለካ ባሏ በሩ ላይ ቆሟል። "አየሽ! ማስረጃውን ደፋችው! ሁለት ሆናችሁ ልትጨርሱኝ!" ብሎ በቡጢ አፌን አለኝ። ጥርሴ ከደም ጋር መዳፌ ላይ ወደቀ። እሱ የአጥንት መጥረቢያውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

አበባውን እንደ ከብት አረደው፤ ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ ሥሩን ሳይቀር። እህቴ እየተንገዳገደች ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። "ተው! የገዛ እስትንፋስህን ነው የምትቆርጠው!" በመጥረቢያው ጀርባ ትከሻዋን አላት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ያኔ አካፋ አንስቼ ማጅራቱ ላይ አሳረፍኩበት። ሞቶ ቢሆን አላዝንም ነበር። ተንበረከከ፣ ተነሳ፣ የቀረውን ጨፈጨፈና ክምሩ ላይ ጋዝ አርከፍክፎ አቃጠለው።

እህቴን ለህክምና ወስጄ ከዚያ ቤቴ አስተኛኋት። ልቧ ቀስ በቀስ ወደ ምቱ ተመለሰ። የእሱ እግር ግን እንደገና አበጠ፤ ቀጥሎ ሆዱ። ሙያዬ አላስችል ብሎኝ ክኒን ብወስድለት ፊቴ ላይ በተነው። ሆስፒታል ስለው ቢላ መዘዘብኝ።

በመጨረሻ እህቴን አስጠራት። ክንዷ በጨርቅ እንደታሰረ ሄደች፤ ተከተልኳት። ትራስ ተደግፎ አየሩን በአፉ ይጎርሳል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"አፍዪልኝ" አላት። "ግድ የለም፣ አላስቀምስሽም።"

እህቴ በመስኮቱ የተቃጠለውን መሬት አየች።

"ከምኑ?" አለችው።

ድምጿ ውስጥ ቂም ፈልጌ አጣሁ። በደህናው እጇ ትራሱን አስተካከለችለትና አጠገቡ ቁጭ አለች።