ባዶ የተባለው ሚሞሪ

የመጀመሪያው ጡጫ የካሜራ ባለሙያውን ከመስታወት ጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ቪዲዮ አቀናባሪዋ መስታወቱ ሲረግፍ ከስቱዲዮው የኋላ ክፍል ሆና ሰማች። ማን እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የልደቱ ቪዲዮ ያለበትን ሚሞሪ ካርድ አምጣ እያለ የሚደነፋው የታላቅ እህቷ ባል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ በገዛ ልጁ ልደት፣ ሚስቱን ጓሮ ወስዶ ሲደበድባት መስኮቱ ላይ የተቀመጠው የባለሙያው ካሜራ እየቀረጸ ነበር። ከወደቀች በኋላ እንኳ ሲረግጣት ይታያል። እህት ለጎረቤት ሁሉ ከደረጃ ወድቄ ነው ብላለች፤ አቀናባሪዋንም የልጆቼ አባት ነውና አጥፊልኝ ብላ ለምናታለች። እሷም እሺ አለች እንጂ አላጠፋችም። ሰውየው መቀረጹን የሰማው ገና ዛሬ ነው።

እዚህ ቤት ሚሞሪ ላይ ወረቀት አይለጠፍም፤ አንዴ የተለጠፈ ወረቀት ካሜራ ውስጥ ተልጦ ጉድ ሠርቷቸዋል። ስለዚህ ስም የሚወጣለት ከውስጥ ነው። አቀናባሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ትጽፋለች፣ ሚሞሪውም በሰጠችው ስም ይጠራል። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁሉም አንድ ናቸው።

ባለሙያው ፊተኛው ክፍል ሲያቃስት እሷ የልደቱንና አንድ ባዶ ሚሞሪ ሰካች። ስትቸኩል አንድ ፊደል ሳተች፤ መስኮቱ እንቢ አላት፤ ደግማ ጻፈች። ስሙ "ልደት" የነበረው "ባዶ" ተባለ፣ ባዶው ደግሞ "ልደት"። እውነተኛውን ነቅላ የባዶዎቹ ሳጥን ውስጥ እንደጣለችው በሩ በእርግጫ ተበረገደ።

ሰውየው ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከስክሪኑ ጋር አላተመው። የአፍንጫዋ ደም ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

"የታለ?"

"ያውልዎት ጋሼ፣ ስሙን ያንብቡት።"

አነበበ። ከፍቶ ማየት አልፈለገም፤ የራሱን ሥራ ማየት ማን ይወዳል። ሚሞሪውን ነቅሎ በጫማው ተረከዝ አደቀቀው። ይህም አልበቃው ብሎ የግራ እጇን ጣቶች መሳቢያው ውስጥ ከቶ በኃይል ዘጋባቸው፤ ከዚያም ጥሏት ወጣ።

የካሜራ ባለሙያው ግንባሩን በፎጣ ይዞ ገባ። ለከሰዓቱ ሥራ ከሳጥኑ አንድ ሚሞሪ ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ባዶ የተባለውን ሳያይ መደምሰስ ልማዱ ነው። በደህና እጇ እጁን ያዘችው።

ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

"ሰበረው?"

ሰውየው እህቷ አጠገብ ይሁን አይሁን አታውቅም። "ሰበረው፣ እትዬ።"

እፎይ ትላለች ብላ ስትጠብቅ እህቷ ማልቀስ ጀመረች። "እንግዲህ ማን ያምነኛል?"

መትረፉን ልትነግራት ፈለገች፤ ሰውየው እንዳይሰማ ግን ተወችው።

"ጣቶቼ ተጎድተዋል። ሐኪም ቤት ልሄድ ነው፣ እዚያ ድረሽልኝ። ብቻሽን ነይ።"

ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ እየሰካች ከፍታ የልደቱን አገኘችው። ባለሙያው በቶሎ እንሂድ አላት። ትንሽ ጠብቀኝ ብላ ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና፣ ባልተጎዳው እጇ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች "ባዶ" የሚለውን "የእትዬ" ብላ ቀየረችው።