የአያ አድማሴ ከዘራ

ሱሌማን የአክስቱን ፍራሽ ጠቅልሎ ገመዱን ሲያጠብቅ አርዋ ደረሰች። ባጃጁ ደጅ ቆሟል። መነኸሪያ ደግሞ የከላላው መኪና ሰው እየጫነ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። ነይ እስቲ፣ አንቺን ነው የምንጠብቅ" አለ ሱሌማን። "ጣታቸውን አስነኪያቸውና እንሄዳለን።"

አርዋ በመካነ ሰላም ከተማ የማህበራዊ ድጋፍ ሠራተኛ ናት። በቦርሳዋ ያለው ቅጽ ተሞልቶ፣ ኮሚቴው ፈርሞበት፣ ማህተም አርፎበታል። እማማ ፈርሂያ ግራ ጎናቸው ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆናቸው። ልጅ የላቸውም። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ ሱሌማን ከላላ ወስዶ እንዲጦራቸው ተወሰነ። የቀረው የእሳቸው አሻራ ብቻ ነው።

እስካሁን የጦረቻቸው አጥር የምትጋራቸው ወርቄ ናት። ኮሚቴውን ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ወርቄ ክርስቲያን ናት፤ ስጋው እንዴት ይሆናል፣ ለሶላት ውዱእስ ማን ያስደርጋቸዋል ተብሎ ግማሽ ቀን ተመከረ። ኮሚቴ ሲቀመጥ የማያስበው ነገር የለም፤ ባለጉዳዩን ብቻ ይረሳል። ወርቄ ለእማማ ፈርሂያ የተለየ ድስት እንዳላት፣ ጆሮው ላይ አረንጓዴ ክር እንዳሰረችበት፣ ዶሮ ሲያምራቸው መስጊድ አጠገብ ወስዳ በሙስሊም እጅ አሳርዳ እንደምታመጣላቸው አንድም ሰው አላነሳም። አርዋ ታውቅ ነበር። የምሳ ሰዓት ስለደረሰ እሷም ዝም አለች።

ከሦስት ወር በፊትም እንዲሁ ዝም ብላ አያ አድማሴን ሸኝታቸዋለች። ዓይናቸው የደከመ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ አጅባር ያለው ልጃቸው ዘንድ ይሂዱ ተባለ። ጣታቸውን ይዛ ቀለሙ ላይ ስታሳርፍ "ምን ይላል?" አሏት። "ለእርስዎ ጥሩ ነገር ነው" አለቻቸው። በሄዱ በአስራ ዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ልጃቸው ከዘራቸውን ቢሮዋ ድረስ አመጣላት።

"'ለዚያች ልጅ ስጧት፤ ቤቴን የምታውቅ እሷ ናት፣ መጥታ ትመልሰኝ' እያሉ ነው ያረፉ" አለና ከዘራውን አስደግፎ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ከዘራው ከቢሮዋ በር ጀርባ ቆሟል። አርዋ ትፈራዋለች፤ ጠራጊዋ ልትጠርግ ስታነሳው እንኳ እሷ ፊቷን ታዞራለች። መንገድ ላይ ከኋላዋ ከዘራ ድንጋይ ሲመታ ትሰማለች። ስትዞር ማንም የለም። ዛሬም እስከ እማማ ፈርሂያ አጥር ድረስ ተከትሏታል።

እማማ ፈርሂያ ፍራሽ በሌለው አልጋ ጠርዝ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወርቄ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እንደ ሌላው ቀን ዘልቃ አልገባችም።

"ሰው ምን ይለኛል?" አለ ሱሌማን፣ አርዋን እያየ። "የስጋ ዘመዳቸው ቁጭ ብዬ ጎረቤት ያጥባቸዋል ሲባል! ወላሂ፣ ቀና ብዬ አልሄድም።"

"አምጪው እንግዲህ" አሉ እማማ ፈርሂያ። "የምትፈልጉት ጣቴን ነው።"

አርዋ የቀለሙን ክዳን ከፍታ እጃቸውን ያዘች። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር።

"ምን ይላል?" አሏት።

ከደጅ፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ያ ነገር አንዴ መታ።

"ሰማችሁ?" አለች አርዋ።

"ምኑን?" አለ ሱሌማን።

እጃቸውን ለቃ ቅጹን ከላይ ጀምራ አነበበችላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ድምጿ ወረደ። "'ተገልጋይዋ ተጠይቀው ፈቅደዋል።'"

"ማን ጠየቀኝ?"

መስመሩን የጻፈችው ራሷ ናት። በአያ አድማሴ ቅጽ ላይም ጽፋዋለች፤ እጇ ለምዶታል።

"ማንም አልጠየቀዎትም" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውፍ ይበሉኝ፣ እማማ። አሁን ልጠይቅዎት። ማን እንዲያግዝዎት ይፈልጋሉ? የትስ መኖር ይፈልጋሉ?"

እማማ ፈርሂያ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ዳሰሱ። ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው ከነበረም ረስተውታል።

"እዚሁ ቤቴ" አሉ። "ጠዋት የምታነሳኝ ወርቄ ትሁን። የቱ ጎኔ እንደሚያመኝ ታውቃለች። አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ፣ ሰው ሲያልፍ ልይ። የሞትሁ ለት ግን የሚያጥቡኝ እስላሞች ይሁኑ።"

"አይዞሽ፣ አብሽሪ" አለች ወርቄ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። "እሱን ተነጋግረናል።"

"ታዲያ እኔ ምንዎ ነኝ?" አለ ሱሌማን።

"ልጄ ነሃ! እየመጣህ ቁርአን ቅራልኝ፣ እደር። አንተ እኔ ቤት እንግዳ ሁን እንጂ፣ እኔን በስተርጅናዬ እንግዳ አታድርገኝ።"

ሱሌማን ከፍቶታል። ባለባጃጁ ጥሩምባ ሲነፋ ወጥቶ አሰናበተው።

አርዋ መስመሩን ሰረዘችው። ያሉትን ቃል በቃል ከቅጹ ጀርባ ጽፋ አነበበችላቸው። እማማ ፈርሂያ ጣታቸውን ራሳቸው ቀለሙ ላይ ነክረው አሳረፉ።

"ኮሚቴው ይቀበልሻል?" አለ ሱሌማን።

"አላውቅም። ማህተም ያረፈበት አይሰረዝም ይላሉ።"

ከሰዓት ቢሮዋ ስትገባ ከዘራው እዚያው ነበር። ከመደርደሪያው የአያ አድማሴን ፋይል አወጣች። ሽፋኑ ላይ "ተዘግቷል" ይላል። ውስጡ፣ ከአሻራቸው በላይ፣ "ተጠይቀው ፈቅደዋል" ይላል። አርዋ ሰረዘችውና ከጎኑ ጻፈች፦ "አልተጠየቁም። ያልጠየቅኋቸው እኔ ነኝ።" ስሟን ከነአባቷ አድርጋ ፈረመችበት።

ሁለቱንም ወረቀት ይዛ ወደ ኃላፊዋ ክፍል ልትሄድ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ እጇን ሰደደችና ከዘራውን አነሳችው። በኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ የሚመታውን ድምፅ አሁን ሁሉም ሰው ሰማው።