ጣቱን የረሳ ላፕቶፕ

«እጁ ደህና ነው። ጭንቅላቱ ነው እጅ እንዳለው የረሳው።»

የትነበርሽ ይህን የሰማችው የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ነው፤ ጎንደር ፒያሳ፣ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ በኩል። ከግድግዳው ወዲህ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች። ከወዲያ አላምረው የሚባል፣ መልኩን እንኳ በቅጡ ያላየችው ኮምፒውተር ጠጋኝ ከአንድ ደንበኛ ጋር ያወራል። ከሁለቱ ሰዎች ጭውውት ያቺ ቃል ብቻ ጥርት ብላ ተሻገረች። ከፊቷ የተባለውን አልሰማችም። ከኋላዋ የተባለውን ደግሞ የስፌት መኪናው ዋጠው፤ እግሯ ሳታስበው ረግጦት ነበር።

ስለ ተበላሸ ዕቃ እንዲህ አዝኖ የሚናገር ምን ዓይነት ሰው ይሆን ስትል ሰነበተች። በዓመቱ አገባችው።

ዛሬ ሰልስቱ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሶ ጫማውን ሲያወልቅ ልቡን ያዘውና በዚያው ቀረ፤ ሰኞ ልደታ ቀበሩት። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተተክሏል። የትነበርሽ ቤት ውስጥ፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። የሚገባው «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ እሷም አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። በውስጧ ግን የምትመላለሰው ያቺው ቃል ናት። ለማን ነበር ያላት? ሰውየውስ ምን መለሰለት? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ እያለች ሳትጠይቀው ቀረች።

የቤቱን ነገር የያዘችው የአላምረው ታላቅ እህት ይመኙሽ ናት። እንግዳ ታስቀምጣለች፣ የመጣውን ዳቦና ንፍሮ ወደ ጓዳ ታስገባለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራውን በዓይኗ ትገስጻለች።

ከቀትር በፊት አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተንጠልጥሏል። በግራቸው ጋቢያቸው ሥር ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ነገር አቅፈዋል።

«ይግቡ አያ! ይስጡኝ ልቀበልዎት፤ ለምን ተቸገሩ» ብላ ይመኙሽ እጇን ወደ ጋቢው ላከች።

«ተይው እቴ፣ ተይው፤ ይኸ አይበላም።»

«ግድ የለም ይስጡኝ፣ ከባድ ነው።»

«አይበላም እልሻለሁ!»

ሁለቱ ሲጓተቱ የጥቁር ላፕቶፕ ጥግ ከጋቢው ብቅ አለ። ጥግ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷን ንፍሮው ትን አላትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ በለቅሶ እንዳልሆነ ሁሉም አውቋል። የትነበርሽም ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ሊፈታ ሲል ያዘችው። አላምረው ቢኖር ይህን እስከ ማታ ያወራው ነበር።

«ምነው አያ!» አለች ይመኙሽ። «ለቅሶ ቤት ኮምፒውተር ይዞ ይመጣል?»

«ሞቱን መች ሰማሁ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ረቡዕ ያምጡት ብሎኝ፣ ማለዳ ከትክል ድንጋይ በማኪና መጣሁ። ሱቁ ዝግ ነው። ጎረቤቱን ብጠይቀው እንዲህ ሆነ አለኝ። ዕቃውን የት ልጣለው? ይዤው መጣሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረና በሩ ላይ እንደቆሙ አለቀሱ። ወንዶቹ ደግፈው አስቀመጧቸው።

አያ ፋንታሁን ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። የትነበርሽ ስማቸውን ታውቀዋለች፤ አላምረው ያነሳቸው ነበር። በላይ አርማጭሆ ከቤት ቤት እየዞሩ ከባልቴቶች አፍ ሙሾ የሚጽፉ ሰውዬ። በግራ እጃቸው፣ በአንድ ጣት፣ በዚያ በጥንቱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፈዋል። አሮጌው ማሽናቸው በክረምቱ ሞተ። የእህታቸው ልጅ አዘነችና አዲስ ላፕቶፕ ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር ላከችላቸው። ያን ሁሉ ገጽ ሲከፍቱት ፊደሉ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ጠበቃቸው። አላምረው ያ ፕሮግራም ወደሚሠራበት ወደ አሮጌው ዊንዶውስ ሰባት መለሰላቸው፤ ሙሾው ተነበበ። ታችፓዱ ግን፣ ከቁልፎቹ ሥር ጣት የሚሄድበት ሰሌዳ፣ ደነዘዘ።

«ማውስ ይሰኩበታ አያ» አለ እስጢፋኖስ፣ የአላምረው ታናሽ ወንድም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«የት ላስቀምጣት? እኔ የሰው መደብ ላይ ነው የምቀመጠው፤ ጠረጴዛዬ ጉልበቴ ነው።»

«እሽ፣ አዲሱን ዊንዶውስ ልመልስልዎት። ታችፓዱ ወዲያው ይሠራል።»

«ፊደሌስ?»

እስጢፋኖስ «ቀስ ብለው እንደገና ዞረው ቢጽፉት...» ብሎ ጀምሮ ራሱ ተወው።

«ካስጻፉኝ ሴቶች ግማሾቹ ሞተዋል እኮ» አሉ አያ ፋንታሁን። ቁጣ የለበትም።

እስጢፋኖስ ክፉ ልጅ አይደለም። ትናንት የወንድሙን ሱቅ ከፍቶ መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ላፕቶፕ ቆጠረ፤ ሁሉም ያረጁ፣ ሁሉም የሰው። ማታ መጥቶ የትነበርሽን «እትዬ፣ ቅዳሜ ሁሉንም እንዳሉ ለየባለቤቱ ብንመልስ ይሻላል» አላት። «ዊንዶውስ ሰባትን እኮ ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል። ማን ይሠራዋል ከእንግዲህ?» ይመኙሽም ደግ ነው አለች። ሁለቱም የትነበርሽን ጠበቁ። ቅዳሜ ዕቃው ሁሉ እንዳለ ከወጣ፣ አላምረው የጀመረው ሳያልቅ ሊቀር ነው። «እኔ እጨርሰዋለሁ» እንዳትል ደግሞ አንድም ቀን በእጇ ነክታው አታውቅም።

ሰምታው ግን ታውቃለች። ከተጋቡ በኋላ አላምረው ከኮምፔንሳቶው ሁለት ሰሌዳ ነቀለ። እሷ ስትሰፋ እሱ ሲጠግን፣ ቀኑን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ ያወራላታል። ልጅ አልሰጣቸውም፤ ወሬ ግን አልነፈጋቸውም።

«አየሽ የትንዬ፣ ድራይቨር ማለት ለጭንቅላቱ ‹ጣት አለህ› ብሎ የሚነግር ጽሑፍ ነው። ይህቺን ማሽን የሠሯት ሰዎች ለአሮጌው ዊንዶውስ አልጻፉላትም። እና ዘመዷን እንፈልጋለን፤ ታችፓዷ ከሷ ጋር አንድ የሆነ፣ በዕድሜ ከፍ ያለች። የሷን ድራይቨር አምጥተን፣ አይሆንም ቢልም፣ በግድ እናሳየዋለን።»

«እሱም እምቢ ቢልስ?» ትለዋለች ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

«እሱም እምቢ ሲል፣ ዊንዶውሱ ሳይነቃ ኤፍ ቱ የምትባለውን ቁልፍ እየነካካሽ ወደ ማሽኗ ማስተካከያ ትገቢያለሽ። አንዳንዷ ማሽን እዚያ በር አላት። ታችፓዷ ‹አድቫንስድ›፣ የሠለጠነች፣ ተብላ ተጽፋለች፤ ‹ቤዚክ›፣ ተራ፣ አድርጊያት። በሁለት ጣት ምናምን የምትሠራው ጌጥ ይቀራል። ዝቅ ብላ እንደ ድሮ ማውስ ትናገራለች፤ አሮጌውም ያን ጊዜ ይሰማታል።»

«አንዳንዷ ነው ያልከው?»

«አንዳንዷ። ሁሉማ ቢሆን ምን አለፋኝ።»

እስጢፋኖስ አሁን የወንድሙን ፍላሽ የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ስክሪኑን ወደ የትነበርሽ አዞረ። ከትናንት ጀምሮ ሲታገለው ነበር።

«እስቲ ይህን ተመልከች። ሁለት መቶ ፎልደር ነው፤ የአንድ ማሽን ስም የለበትም። ወለተ ማርያም አንድ፣ ወለተ ማርያም ሁለት... ወለተ ማርያም አሥራ ሰባት! ይኸ የድራይቨር ማስቀመጫ ነው ወይስ የቄስ መዝገብ?»

«ስመ ክርስትናቸው ነው» አለች የትነበርሽ።

«የማን?»

«የደንበኞቹ።»

አላምረው ዕቃ ሲቀበል መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነበር። አንዲት የሆስፒታል ነርስ «ምነው፣ ላፕቶፑን ክርስትና ልታነሳው ነው?» ብላ ሱቁን በሳቅ ሞላችው። ሙስሊም ደንበኛ ሲመጣ የእናቱን ስም ይጠይቃል። የትነበርሽም አንድ ቀን «በማሽኑ ስም ብታስቀምጠው አይቀልህም?» አለችው።

«ይቀላል» አላት። «ግን አንድ ድራይቨር ፍለጋ ሳምንት ይፈጃል። ያን ሁሉ ሰዓት የፋብሪካ ስም ከማይ፣ የሰውየውን ስም እያየሁ ባስበው ምን ይጎድልብኛል?» በዚህ የተነሳ አንድ ዓይነት ድራይቨር ዘጠኝ ጊዜ አውርዶ ያውቃል። እሱንም እየሳቀ ነው የነገራት።

ይህን ስትነግረው እስጢፋኖስ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀ። «አያ፣ የእርስዎ ማን ነው?»

«ኃይለ ሚካኤል።»

ፎልደሩ ተገኘ። ውስጡ አራት ድራይቨር አለ፤ አላምረው የእያንዳንዱን ስም ለውጦታል። እስጢፋኖስ አነበበው፤ «እምቢ አለ። ይኸም እምቢ አለ። ሊሰማ ብሎ ተወው። እምቢ።»

የትነበርሽ የባሏን ድምፅ የሰማች መሰላት። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

«አየሽ እትዬ» አለ እስጢፋኖስ እንደምንም። «እሱም አልቻለውም።»

አምስተኛው የለም። አላምረው ቀጥሎ የሚሞክረው ኤፍ ቱን መሆኑን ከዚህ ቤት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጉልበቷ ሥር ያለውን የፍራሽ ጥለት በጣቷ ተከተለች። ነክቼው ባላውቀውስ? ብነካውና ባጠፋውስ? አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ የሞቱ ሴቶች እንባ።

«አላምሬ ይችን ይወዳት ነበር» አለች ድንገት ወደ አያ ፋንታሁን ዞራ፣ ምን እንደምትል ሳታውቅ። «‹እጁ ደህና ነው፤ ጭንቅላቱ ነው እጅ እንዳለው የረሳው›። ለመጣው ሁሉ ይላት ነበር።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ።

«እሷማ የሐኪሙ ነገር ናት።»

«የማን ሐኪም?»

«የኔ ነዋ። ይኸን እጄን ሲመታኝ፣ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲያ ያን የድሮውን ማሽን ይዤ ወደሱ ነው የሄድኩ። የሱም ታችፓድ ያን ጊዜ ዘግቶ ነበር። ምነው እጅዎ አለኝ። ሐኪሙ ስለኔ ያለውን ነገርኩት፤ እጁ ደህና ነው፣ ጭንቅላቱ ነው እጅ እንዳለው የረሳው። በጣም ደነቀችው፤ ‹ታዲያ የሁለታችሁም በሽታ አንድ ነዋ› ብሎኝ ሳቀ።»

የትነበርሽ አፏን ከፍታ ቀረች። «እንግዲያ ያን ቀን ያሏት እርስዎ ነበሩ? የሱ ቃል አልነበረችም?»

«ከዚያ ወዲያማ የሱ ሆነች። እኔ አንድ ቀን አልኳት፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ።»

ያገባችው በሌላ ሰው ቃል ነበር። ልትቆጭ ይገባት እንደሆነ ልቧን ጠየቀችው፤ ልቧ አልተቆጨም። የቀረቻት አንዲት ጥያቄ ናት።

«እሱስ... እሱስ በመጨረሻ ምን አለዎት?»

አያ ፋንታሁን አሰቡ። በደህናው እጃቸው የማይሰማውን እጃቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉት።

«ላፕቶፑን ገልብጦ አየው። ቆየ። ‹አላውቅበትም። ግን እዚህ ይተዉት› አለኝ። በቃ ይኸው ነው። እኔም ተውኩለት። ከሱ በፊት ያሳየኋቸው ጠጋኞች ሁሉ እናውቃለን ብለው ነበር ያበላሹብኝ።»

ከውጭ፣ ከድንኳኑ፣ አዲስ ለቀስተኛ መግባቱ ተሰማ። ይመኙሽ ልትቀበል ተነሳች።

«እትዬ» አለ እስጢፋኖስ ስልኩን አውጥቶ፣ «ቅዳሜ ይምጡ ብዬ ለሰዎቹ ልደውል?»

የትነበርሽ እጇን ወደ አያ ፋንታሁን ዘረጋች። ላፕቶፑን ሰጧት። ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ አላምረው የለጠፋት ነጭ ፕላስተር አለች፤ በጉልህ ጽሕፈቱ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ጣቱን ረስቷል። ከሥሩ የመጣባቸው ቀናት፦ መስከረም 20። ጥቅምት 4። ከሥሩ ለሚቀጥለው የሚሆን ቦታ ባዶውን ትቶታል።

«እስጢፍ፣ የወንድምህ ኮት ምስማሩ ላይ ነው። ኪሱ ውስጥ ማርከር አለ።»

«ኧረ የትነበርሽ» አለች ይመኙሽ ከበሩ ዞራ። «አርባው ሳይወጣ እጅሽን ሥራ ላይ?»

«አርባው እስኪወጣ አልነካውም። እስከዚያ አስበዋለሁ።»

እስጢፋኖስ ማርከሩን አመጣ፤ ክዳኑን ራሱ ከፈተላት። ስልኩንም ወደ ኪሱ መለሰው። በባሏ ጽሕፈት ሥር፣ በራሷ፣ ጥቅምት 19 ብላ ጻፈች። እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

«አላውቅበትም አያ ፋንታሁን» አለች። «ግን እዚህ ይተዉት።»