የአያት ቀረጥ

ታምሲን ለልደቷ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብስክሌት አይደለም፣ ስልክ አይደለም። «ናን፣ ዘንድሮ ከቤት ቋጥረሽልኝ ከምትመጪው ሳጥን መብላት አልፈልግም። ምግብ ቤት ገብቼ፣ እንደ ሰው አዝዤ፣ ከኩሽና የመጣልኝን ልብላ» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የልጄ ልጅ ናት፤ እኔን ናን፣ ባሌን መርቭን ደግሞ ፖፕ ትለናለች።

«እሺ» አልኳት። ምን ልበል? እንቢ ልላት አንጀቴ አይችልም። ግን እሺ ያልኩት በአፌ ብቻ ነው። ይቺ ልጅ ስንዴ የነካው ነገር ከቀመሰች አለቀላት። ሐኪሞቹ ሴሊያክ ይሉታል። አንዲት የዳቦ ፍርፋሪ ሆዷን ታገለባብጠውና አልጋ ላይ ትጥላታለች። አምና የጓደኛዋ ልደት ላይ «ኬኩ የሩዝ ነው» ያሉኝን ሰዎች አምኜ ሲያስመልሳት ባልዲ ይዤላት ነው የከረምኩት። ከዚያ ወዲህ የሰው ኩሽና አላምንም። ቄስ ቢያበስለው አላምንም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ቤት የተጠበሰ ዳቦ ቀጠን ቀጠን አድርገን እንቆርጥና ለጋ ቅቅል እንቁላል ውስጥ እየነከርን እንበላለን፤ ቁራጩን «ወታደር» እንለዋለን። መርቭ ከየልጅ ልጁ ሳህን አንዳንድ ወታደር ይመነትፍና «የአያት ቀረጥ!» ብሎ ይውጠዋል። ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ማንኪያ ይዘው ያሳድዱታል። ታምሲን ከታመመች ወዲህ ግን የሷን ሳህን ነክቶ አያውቅም። መርቭ ዕድሜውን ሙሉ ስንዴ ሲያርስ የኖረ ሰው ነው። «ጣቴ ሁሉ ስንዴ ነው፤ ልጅቷን እጎዳታለሁ» ይላል። ይኼንን የሚለው ለእኔ ነው፤ ለእሷ አይነግራትም። ለልደቷ ጎልድ ኮስት ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ስንወርድ፣ እሱ ነዳጅ ሊቀዳ ከመኪናው እንደወረደ፣ «ናን፣ ፖፕ ድሮ ይወደኝ ነበር አይደል?» አለችኝ። ክው አልኩ። «ምን ነካሽ አንቺ!» ብዬ ተቆጣኋት። የስንዴውን ነገር እሱ ራሱ ይንገራት ብዬ ተውኩት።

በልደቷ ጠዋት አንድ የመዝናኛ ፓርክ ሆቴል ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ገባን። በመስኮቱ የፓርኩ መጫወቻ ባቡር ሐዲድ ሰማይ ላይ ተጠማዞ ይታያል። ኮዋላ የሚባለውን ድብ መሳይ እንስሳ ልብስ የለበሰ ሰው በየጠረጴዛው እየዞረ ልጆች ያቅፋል። እኔ ትልቁን የባሕር ዳርቻ ቦርሳዬን ይዣለሁ።

«ቦርሳው ውስጥ ምንድነው?» አለች ታምሲን።

«ፎጣ።»

«ፎጣ ገመድ አለው እንዴ?»

«ተቀመጪ።»

በር ላይ ለነበረችው አስተናጋጅ ታምሲን ሴሊያክ እንዳለባት ነግረናታል። እዚህ ቤት እንዲህ ካልክ ሼፉ ራሱ ከኩሽና ወጥቶ ያነጋግርሃል። ወጣ። በሩን የሚሞላ፣ ከሳሞአ ደሴቶች የመጣ ሰው ነው፤ ላፋኤሌ ይባላል። መጣና ከታምሲን ወንበር አጠገብ በርከክ ብሎ፣ እኔን ትቶ ከእሷ ጋር ማውራት ጀመረ።

«እሺ የኔ እመቤት፣ ዛሬ ምን ላብስልልሽ?»

ታምሲን በደስታ ቀላች። «እንቁላል። ከወታደር ጋር።»

«ቆይ ቆይ!» አልኩ። «ዳቦው የት ነው የሚጠበሰው?»

«ለብቻው ነው አክስቴ። የራሱ ቶስተር አለው» አለ፤ ትልቅ ሴት ሁሉ ለእሱ አክስት ናት።

«ቢላዋውስ?»

«የራሱ ነው።»

«ቅቤውስ? ማንም ዳቦ የቀባበትን ቢላዋ የዘፈቀበት ቅቤ እንዳታመጣብኝ!»

«ያልተከፈተ አምጥቼ ፊትዎ እከፍተዋለሁ።»

«ኔሪዳ» አለ መርቭ፣ «ቤቱን ፖሊስ ጣቢያ አደረግሽው እኮ።»

«አንተ ዝም በል! ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ላፋኤሌ ሳቀ እንጂ አልተቀየመም። ይኼም አናደደኝ። ደግነት ፍርፋሪ አይጠርግም። ቦርሳዬን ከፈትኩና ከቤት ያመጣሁትን ቶስተር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረግሁት፤ ስንዴ የሌለበትን ዳቦዋንም አስከተልኩ። «ይኼ ቤታችን ስትመጣ የምትጠቀምበት የሷ ብቻ ነው። ማንም አይነካውም። ሶኬት አሳየኝ፣ እኔው እጠብስላታለሁ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ኮዋላው ሳይቀር ዞረ። ታምሲን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ናን፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለች። አንጀቴን በላችው። ግን አልመለስም አልኩ። ከመታመም ማፈር ይሻላል።

«አክስቴ፣ አንዴ ልየው?» አለ ላፋኤሌ።

«እየው። ከኩሽናህ ይጸዳል።»

ነጭ ሳህን ሳበና ቶስተሩን ገልብጦ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው። ፍርፋሪ ረገፈ። ይሁን፣ የራሷ ዳቦ ፍርፋሪ ነው ብዬ ኮራ እንዳልኩ፣ አንድ ጥቁር ነገር ሳህኑ ላይ ኳ ብሎ ወደቀ። ዘቢብ።

የታምሲን ዳቦ ዘቢብ የለውም። ቤታችን ውስጥ ባለ ዘቢብ ዳቦ የሚበላ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዳቦውም የለየለት የስንዴ ዳቦ ነው። ቀስ ብዬ ወደ መርቭ ዞርኩ።

«አንዴ ብቻ ነው» አለ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «ሐሙስ ለት ትልቁ ቶስተር አልሠራ አለኝ። ጠርጌዋለሁ ብዬ ነበር።»

«መርቭ!»

«ኔሪዳ፣ እግዜር ያውቃል...»

«እግዜርን ተወው! እኔ አላውቅም ነበር!»

ሳህኑን አንሥቼ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝ። አገሩን ሁሉ ስጠረጥር፣ መርዙን በገዛ ቦርሳዬ ተሸክሜ መጥቻለሁ። መርቭ ግን ከእኔ ባሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይኸው! ለዚህ ነው እኮ ሳህኗን የማልነካው» አለ።

ታምሲን እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። «ለዚህ ነው እንዴ?»

«ምኑ?»

«ቀረጥ የማትወስድብኝ። እንዳልታመም ብለህ ነው?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «ድሮ ነበር የሚወደኝ ብላለች» አልኩት። «አንተ ነዳጅ ስትቀዳ።»

ላፋኤሌ እስካሁን እንደተንበረከከ ነው። ጉልበቱን ሳያመው አይቀርም። «አክስቴ፣ እንግዲህ ለእኔ ይተዉልኝ» አለ በቀስታ።

ዘቢቡን አየሁ። ልጅቷን አየሁ። «ውሰደው» አልኩ። «ሁሉንም ውሰደውና አንተው ሥራላት።» ይኼን ከአፌ ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም።

«ለእኛም ያንኑ አምጣልን» አለ መርቭ እየተነሣ። «ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንዴ የሚባል ነገር እንዳላይ።» በስንዴ ልጅ ያሳደገ ሰው ነው እንዲህ ያለው። ብሎም ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ።

ጠረጴዛው ተጠረገ፣ ሳህኑና ቶስተሩ ተነሡ፣ ትንሽ ቆይቶ ምግቡ መጣ። ዳቦው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ባንዲራ ተሰክቶበታል፤ ስንዴ የሌለበት መሆኑን ማሳያ ነው። ሦስት ሳህን፣ ሦስት ባንዲራ። ላፋኤሌ ራሱ አመጣውና ቅቤውን እንዳለው ፊቴ ከፈተው። ታምሲን ሳህኗን ዞር ዞር አድርጋ አየችው። ሳጥን የለም፣ ክዳን የለም፤ ዳቦው ገና ይተናል። አንዱን ወታደር ነክራ ጎረሰች፤ አስኳሉ አገጯ ላይ ፈሰሰ፣ አልጠረገችውም።

«ናን፣ እኔን አትይኝ፣ ብዪ።»

በላሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ከምጠብሰው ይጣፍጣል።

መርቭ ቆየ። ሲመጣ እጁ እስከ ክርኑ ቀልቷል፤ ፈትጎ ፈትጎ የሳሙናው ሽታ ቀድሞት ደረሰ። ተቀመጠ። የሷን ሳህን አየና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ፈርቷል። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ላም ጎትቶ ያወጣ ሰው ቁራሽ ዳቦ ፈራ።

ታምሲን መብላቷን አቆመች። አንድ ወታደር ወደ ሳህኗ ጠርዝ ገፋ አደረገችና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ «ውይ፣ ባቡሩን እዩት!» አለች።

ባቡር አልነበረም። ፓርኩ ገና አልተከፈተም፤ ሐዲዱ ባዶውን ነው። እሷ ግን አንገቷን እንዳዞረች ቀረች።

መርቭ እኔን አየኝ። «ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ቦቅቧቃ!» አልኩት በሹክሹክታ።

እጁን ዘረጋና መነተፈ። የተገፋለትን አይደለም፣ ትልቁን ነው። «የአያት ቀረጥ!»

«ሌባ!» ብላ ጮኸች ታምሲን። ምግብ ቤቱ ዳግመኛ ዞረ። ማንኪያዋን ይዛ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች፤ እሱ አፉ ሞልቶ ይስቃል፣ እንባው ደግሞ በጉንጩ ይወርዳል። «ሌባ! ናን፣ ፖፕ ሰረቀኝ! አየሽው?»

«አየሁት» አልኳት። «ይስረቅሽ።»